ጠባብ አፍ

ከአውራ ጣቴ አንጓ ብዙም አትበልጥም፤
ከኪሴ ብትወድቅ ኮቴዋ አይደመጥም።
ጎባጣ ሆድ አላት፣ እንደ ጥንዚዛ ሆድ፤
ምላሷ ብረት ነው፣ እንጨት ላይ የሚሄድ።
መላጊያ ናት።
ቫዮሊን ሠሪዎች በሦስት ጣት ቆንጥረው
ደረቱን፣ ጀርባውን፣ የጎኑን ቁልቁለት ጎትተው
የሚልጉባት፤
ትልቁ መላጊያ ገብቶ የማይዞርባት
ጎድጓዳ ውስጥ እሷ እንደ ሕፃን ጣት
ዘልቃ የምትገባ።

በማርክኖይኪርሽን፣ ከጓሮው መንገድ ላይ፣
የትራውጎት ሱቅ ነበር፣ መስኮቱ ለሰሜን ሰማይ።
ነሐስ ከገበያ የጠፋ ጊዜ ነው፤
የበር እጀታ ነበር የምናቀልጠው።
ከፈረሰው ቤት፣ ከተዘጋው ሆቴል
እጀታ ስለቅም፣ እንጉዳይ ይመስል፣
ጣቴ በብርድ አብጦ፣ ከረጢቴ ሞልቶ።
ስንቱ እጅ የዳበሰው፣ ስንቱ የገባበት፣
ያ ነሐስ ነው ኋላ እንጨት የሚፈለፈልበት።

ስለቷ ከአሮጌ የሰዓት ሞላ ነው።
በእሳት አግሎ፣ በዘይት አጥልቆ፣ ደግሞ ሲያሞቀው
«ቀለሙን እዪ» ይለኛል፣ «ገለባ ሲመስል
አውጪው። ሐምራዊ ካየሽ ሞቷል፤
ለቅቤ መቀቢያ ስጪው።»

ሌላው ሁሉ ይታረማል፤ ሆዷ ቢጎረብጥ ይሞረዳል፣
ሽብልቋ ቢላላ ከፒር እንጨት ሌላ ይጠረባል።
አፏ ግን፣
ስለቱ ብቅ የሚልባት ያቺ ክፍተት፣
ከፀጉር ጥቂት የምትሰፋ፣ አንዴ ከሰፋች ሰፋች።
ካፍ የወጣ አፋፍ ነው እንደሚሉት ሁሉ፣
አፍም ራሱ ሲወጣ ከልኩ
መመለሻ የለው።
አፈ ሰፊ መላጊያ ይነክሳል እንጂ አይልግም፤
እንጨቱን ይዘነጥላል፤ ሜፕል ደግሞ ቂመኛ ነው፣ አይረሳም።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ኅዳር መጨረሻ፣
ለቫዮሊን ሠሪዋ ለኦቲሊ የታዘዘችውን፣ የመጨረሻ
ትንሿን ስሞርድ፣ ሞርሳ ላይ አጎንብሼ፣
«አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩ። ሞረዱን መልሼ
ገፋሁ።
ወደ መብራት አነሣኋት። ብርሃኑ በአፏ ገብቶ
ጉንጬ ላይ አረፈ፣ የጥፍር ያህል ሰፍቶ።

ትራውጎት አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ!
ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ አወጣ
ዝገት የጠገበ የትምባሆ ቆርቆሮ።
ሲከፍተው ተንጫጩ፣ አሥራ አንድ መላጊያ፣
ሁሉም አፈ ሰፊ፣ የማይረቡ ለገበያ፤
ሆዳቸው ላይ በመርፌ የተጫረ ዓመት፦
ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አራት፣ አርባ ሰባት…
«የኔ ናቸው» አለ። «ይሄኛው
ጠዋት ከሚስቴ ተጣልቼ የሞረድኩት ነው።
ይሄ ደግሞ ማስነጠስ።»
አንዷን ግን ዘሎ አለፋት፤
ዓመት ሳይሆን ስም ነበረባት፦
ኤክሃርት።

ልጁ ነው። ጎረቤት ያወራ ነበር፦ አንድ ምሽት፣ እራት ላይ፣
አንድ ቃል፣ አንዲት ብቻ፣ ከአባት አፍ ወጣች፤
ልጁ ባቡር ተሳፈረ፣ ድንቹ ሳህኑ ላይ እንዳለ።
ምን ቃል እንደነበረች ጠይቄ አላውቅም።

መርፌውን ሰጠኝ። ዓመቴን ጫርኩ። ከተታት።
አሥራ ሁለት።
ከዚያ መፍቻ አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ፣ የገዛ ሱቁ በር፣
እጀታውን ነቅሎ፣ ገና የእጁ ሙቀት ሳይለቀው፣ መዳፌ ላይ አኖረው፦
«ነገ ‹አንድ ጊዜ ብቻ› ስትዪ
እጅሽን ኪስሽ ክተቺ።»

ኦቲሊ በጥር መጣች። አዲሷን አነሣች፣
ያመጣችው የቫዮሊን ጀርባ ላይ ገፋች።
ልጣጩ ወጣ፣ ከሽንኩርት ቅርፊት የሳሳ፤
በውስጡ የግድግዳው ሰዓት ይነበብ ነበር።
ምንም አላለችም። ዋጋ ጠየቀች። ተከራከረች። ቀነሰላት።
ልትወጣ ስትል እጇ በሩን ዳበሰ፣
ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣
እጀታ ፍለጋ።
«ጅማቱን ሳቢው» አልኳት።